የጎደለው ሃያ ደቂቃ

ኢንስፔክተር ገላነሽ ማክሰኞ ጠዋት የጋሽ ኒቆዲሞስን ክፍል ስትከፍት ሟቹ የተገኘበት ወንበር ከቦታው አልተነሣም ነበር። አጠገቡ ሌላ ወንበር አለ፤ ሁለቱም ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። ኒቆዲሞስ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድቦ ሐረር ከገባ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ሲሆን ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የነበረው የወንጀል ፊልምና ስለ ፊልሞቹ የሚጽፈው አስተያየት ብቻ ነው።

ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል። እሑድ አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ነርስ ፍሬሕይወት ራሱን ስቶ አገኘችው፤ ሆስፒታል ሲደርስ የደሙ ስኳር እጅግ ወርዶ ነበር፣ አልተረፈም። የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ዓይኑ ደክሞ በመርፌው ላይ ያሉት ደቃቅ መስመሮች ስለማይታዩት ኢንሱሊኑን በመርፌ ስባ የምታስቀምጥለት ፍሬሕይወት ናት። እሑድ አብሮት የዋለው ጓደኛው ሳህሉ ደግሞ «በደንብ በልቷል» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የበላ ሰው ስኳሩ እንዲህ ከወረደ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነው ተባለና ፍሬሕይወት ሰኞ ጣቢያ ገባች።

«አሥራ ሁለት ዩኒት ነው የሳብኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለት ነው» አለች ለገላነሽ። ዓይኗ አብጧል። «ሳህን ላይ አስቀምጬላቸው ሥራ ገባሁ። ምግቡ ሊደርስ ሲል ነው የሚወጉት። እሑድ እሑድ ምሳ የሚያመጡት ጋሽ ሳህሉ ናቸው።»

«ተወግተው ባይበሉስ?»

«ስኳሩ ይወድቃል። እሳቸው ሕመሙ ስለቆየባቸው ላቡም መንቀጥቀጡም አይታወቃቸውም፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ነው የሚመስሉት።» ዓይኗን ጠረገች። «ነርስነቴ አበቃ ማለት ነው?»

ገላነሽ የሰጠቻትን ቃል መዝግባ ተነሣች።

ሳህሉን ጀጎል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ጫፍ ላይ ካለው ቤቱ አገኘችው። እሱም ጡረተኛ መምህር ነው።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ጥብስ ይዤ ነበር፣ በላን። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየንና አሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ። ደህና ነበር።»

«ጋሽ ኒቆዲሞስ ፊልሙን ወደዱት?»

«ኒቆዲሞስ ምን ይወዳል ብለሽ! ገዳዩ ባልየው ነው ብሎ ድርቅ አለ። መጨረሻ ላይ የሟቿ እህት ሆና ስትገኝ ‹ይሄማ ማጭበርበር ነው› ብሎ ሳቀ።» ሳህሉም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የሟቹ ስልክ በይለፍ ቃል ተዘግቷል፤ ደብተሩ ግን ክፍት ነው። ገላነሽ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ገብታ ምሳዋን እየበላች አነበበችው። እሷም ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናትና ብቻዋን መብላት ለምዳለች።

«የዘንድሮ ፊልም ሠሪዎች ሰነፎች ናቸው» ይላል አንዱ ገጽ። «ገዳዩ ለምን ገደለ ሲባሉ ‹ልጅነቱ ከባድ ነበር› ይላሉ። የእኔም ከባድ ነበር፤ ማንንም አልገደልኩም።»

ሌላው፦ «ሥነ ልቦናዊ የተባለው ይህ ፊልም ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ሴት መስተዋት ስታይ ያሳየናል። የሚያስፈራው መስተዋት አይደለም። በር ሳይንኳኳ ሲውል ነው የሚያስፈራው።»

ሦስተኛውን ሁለቴ አነበበችው። «መርማሪው ጎበዝ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከሰው ጋር ሲበላ አላየነውም። ገዳዩን ቢያውቅ ለማን ይነግራል? እኔ ሳህሉ ሳይመጣ ፊልምም አልከፍት፣ ገበታም አልቀርብ።»

የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችና ሒሳቧን ከፍላ ወጣች።

ዳዊት ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ለኒቆዲሞስ በፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭንለት ሰው ነው። ስለ መጨረሻው ፊልም ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ የድሮውን አጥፋልኝ አይሉም፤ ፍላሹ ሞልቶ የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ሳይገባ ቀረ። ያወቅኩት ቅዳሜ ከሄዱ በኋላ ነው። ሰኞ ሲመጡ አስተካክላለሁ ብዬ ተውኩት።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገላነሽ ሦስቱንም በኒቆዲሞስ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፍሬሕይወት ከአንዲት ፖሊስ ጋር በሩ ላይ፣ ዳዊት ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሳህሉ አልጋው ጠርዝ ላይ። ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ የደፈረ የለም። ገላነሽ ፍላሹን ከፍታ ፊልሙን ወደ መጨረሻው አሳለፈችው። ባልየው ደረጃ እየወጣ ሳለ ምስሉ ቆመ።

«እዚህ ድረስ ነው ያለው» አለች። «እህቲቱ ገና አልተጠረጠረችም። ጋሽ ሳህሉ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ መጨረሻውን ያየ ሰው የለም። እርስዎ የት አዩት?»

ሳህሉ ወደ ዳዊት ተመለከተ። «ለጋሽ ሳህሉ ዓርብ ዕለት በስልካቸው ላይ ጭኜላቸዋለሁ» አለ ዳዊት ቀስ ብሎ። «ለእሳቸው ሙሉው ነው የገባው።»

«ስለዚህ ፊልሙን አብራችሁ አላያችሁም። ይህ ሐሰት ከሆነ ‹በልቷል› ያሉትም በእርስዎ ቃል ብቻ የቆመ ነው። ያልበላ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለቱም ይበቃዋል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ምግብ ሳያይ የማይወጋ ጠንቃቃ ሰው ለምን ተወጋ? ስልክዎን ይስጡኝ።»

ሰጣት። እሑድ ስድስት ሰዓት ከሃያ ወደ ኒቆዲሞስ አንድ ጥሪ ተደርጓል። ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ከኒቆዲሞስ የመጡ አምስት ያልተነሡ ጥሪዎች አሉ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሳህሉ እነዚህን ሊያጠፋቸው አልደፈረም።

«ምን ብለው ነበር የደወሉለት?»

«ሸዋ በር ደርሻለሁ፣ ጥብሱን ይዣለሁ፣ አምስት ደቂቃ።»

«የት ሆነው?»

«አልጋዬ ላይ።»

ሁላችንም የምንለው ነው። ካልጋችን ሳንወርድ መንገድ ላይ ነን እንላለን፤ የሚሰማንም ልማዳችንን ስለሚያውቅ ግማሽ ሰዓት ይጨምርበታል። ኒቆዲሞስ ግን የሳህሉን ቃል እንዳለ ነው የወሰደው።

«ልነሣ ልነሣ እያልኩ ዋልኩ» አለ ሳህሉ። «ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ያን ሁሉ አስተያየት መስማት ሰለቸኝ። ሲሞት አልሄድኩም ማለት አፈርኩ።»

«እኔስ ጋሼ?» አለች ፍሬሕይወት።  «ሁለት ቀን ነፍስ ገዳይ ተብዬ ሳድር?»

ሳህሉ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ፍሬሕይወት ዛሬውኑ ትፈታለች» አለች ገላነሽ። «ምሳ አመጣለሁ ብሎ መቅረት አያስከስስም፣ ጋሽ ሳህሉ። የሐሰት ቃል ግን ያስከስሳል።» ከዚያ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ ሰጠችው። ኒቆዲሞስ አስተያየቱን የሚጽፈው ሰኞ ሰኞ ነው፤ ርዕሱን ግን አስቀድሞ ጽፎ ነበር። የፊልሙ ስም፣ ቀኑ፣ ከሥሩም «ያየነው፦ እኔና ሳህሉ»። የቀረው ገጽ ባዶ ነው።

ሳህሉ ደብተሩን እንደያዘ ተነሥቶ ከጓደኛው ወንበር አጠገብ ያለው ላይ ተቀመጠ።

«መጣሁ» አለ።

ገላነሽ እንሂድ ብላ አላጣደፈችውም፤ ትንሽ እንዲቀመጥ ተወችው።