እንጨቱ ያልገጠመው ጠመንጃ

የሌሊት ጠባቂው ገሪማ በአሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ ደረቱን ተመትቶ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጠመንጃው አጠገቡ ወድቋል፤ ውስጡ የተተኮሰ ቀለህ አለ። ኢንስፔክተር ሀዲጃ ከዲላ እስክትደርስ የሰፈሩ ሰው ምርመራውን ጨርሶ ራሱን ገደለ ብሎ ፈርዶ ነበር። እኛ ሰፈር ለፍርድ የሚሰንፍ የለም።

ሚስቱ እታገኝ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍትሐት። አባ ተክለማርያም ግን ራሱን ላጠፋ ሰው እንደማይፈቱ ነግረዋታል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ለቀስተኛው ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይቀመጣል።

ሀዲጃ ጠመንጃውን ከመሃሉ አጥፋ አየችው። ባለ አንድ ጥይት ነው፤ አፈሙዙን ከኋለኛው ብረት ጋር አጣብቆ የሚይዘው ከስር በአንድ ብሎን የሚታሰር የእጅ መያዣ እንጨት ነው። በእንጨቱና በብረቱ መካከል ጥፍሯ ገባ። የቀን ጠባቂውን ከፈለኝን ጠርታ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ ፀጉር አያስገባም ነበር» አላት።

የሁለቱ ጠባቂዎች ጠመንጃ ሥሪቱ አንድ ነው፤ የድሮዎቹ እንጨቶች ግን በእርጥበት ስለበሰበሱ እሱና ገሪማ ለየራሳቸው ጠርበዋል። ብረቱን ጥላሸት ይቀቡና እንጨቱን ይገጥሙታል፤ ጥላሸት የነካውን ብቻ ይልጉታል፤ እንደገና ይገጥሙታል። አንዴ ለጨዋታ ቢቀያይሩት እምቢ አለ። ከገሪማ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሰበብ ተኳርፈው እንደነበርም ሳትጠይቀው ነገራት።

የከፈለኝ ጠመንጃ ማታ የሚሰቀለው በኃላፊው በግዛቸው ቢሮ ነው። ግዛቸው ከተሾመ ወዲህ ሰላምታ እንኳ በቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ራሱ ሮጦ ከፈተ። ያኛውም ጠመንጃ እንጨቱ ከብረቱ ሸሽቷል። ሀዲጃ ብሎኖቹን ፈትታ አፈሙዞቹን ከነእንጨታቸው ስታቀያይር ሁለቱም ግጥም አሉ።

ከዚያ ሁሉንም ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ጥይቱ የወጣው ከከፈለኝ ጠመንጃ ነው» አለች።

ከፈለኝ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ተነሥ፣ አልጨረስኩም። የገሪማ ሰደፍ በቆዳ የተጠቀለለ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ገዳዩ ሙሉ ጠመንጃ መለወጡን ትቶ የተተኮሰበትን አፈሙዝ ብቻ ወደ ገሪማ ጠመንጃ አዞረ። እንጨቱ የትኛውም ላይ የሚገጥም የፋብሪካ ሥራ መስሎት አብሮ ወሰደው። ከፈለኝ ቢሆን እንደሚያጋልጠው ያውቃል፤ ደግሞም ይህን የነገረኝ እሱ ነው። ጠባቂዎቹ ብሎኑን የሚፈቱት በሳንቲም ነው። አሁን ግን ሁለቱም ብሎኖች ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት አለ፤ አልገባ ሲለው በጉልበት አጥብቆታል።»

የማሽን ሠራተኛው ለሚ ዓይኑ ፈጠጠ። «እዚህ ጣቢያ ካቻቢቴ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ግን ማታ ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን የምሰጠው ለጋሽ ግዛቸው ነው።»

«አገሩ ላይ ያለው ካቻቢቴ አንድ ነው እንዴ?» አለ ግዛቸው።

«አይደለም። ካቻቢቴውም ጠመንጃውም ባንድ ሌሊት በእርስዎ ቁልፍ ስር የነበሩት ግን እዚህ ብቻ ነው። ገሪማ ያልተመዘነ ቡና በሌሊት አላስወጣም፣ ለማኅበሩ እናገራለሁ እንዳለዎት ለሚስቱ ነግሯታል።»

ግዛቸው ወደ ግቢው በር አየ፤ ከሀዲጃ ጋር የመጣው ፖሊስ እዚያ ቆሟል። ቀስ ብሎ «ላስፈራራው ብዬ ነበር» አለ።

አባ ተክለማርያም ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዲያቆኑን ጥሩልኝ፤ ዝናቡ ሳይቀድመን እንፍታው» አሉ።

እታገኝ ከጠዋት ጀምሮ አምቃ የያዘችውን ለቅሶ ያን ጊዜ ለቀቀችው።