ያልተገጠሙት ፕላስቲኮች

አቶ ከድር ለሁለት የተሰበረውን ፕላስቲክ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ለሶፊ ይሻላት ነበር።

«ባዳቾ፣ ይኼ ካንተ ቤት የወጣ ነው» አሉ አባቷን። «ትናንት ከቦዲቲ ስንመለስ ዝናብ ጣለ። ልጄ ናጂያ የመኪናውን መስኮት ልትዘጋ እጀታውን ስታዞር መስታወቱ ዘመመ። በእጇ ልጎትት ስትል መስታወቱ ተሰብሮ ቆረጣት። የቀኝ እጇ ነው። ሐኪሙ ጅማቷ ተቆርጧል፣ ጣቶቿ ላይታጠፉ ይችላሉ አለን።»

ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። ናጂያና ሶፊ ደግሞ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

አባቷ ስባሪውን ሊነካው እንኳ አልፈለገም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከድር» አለ።

እንግዳው ሲወጡ አባቷ ወደ ወላይትኛው ተመለሰ። «እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ቆሜ እናገራለሁ። የሰውን ልጅ እጅ አበላሽቻለሁ። ሞረዶቹን ለጋራዡ ለደገፉ ስጪው፤ ከእንግዲህ አልነካቸውም።»

ሶዶ ውስጥ የመኪና መስታወት አልወጣ አልወርድ ሲል ሰው የሚመጣው ወደ ባዳቾ ነበር። መስታወቱን ይዞ በሀዲዱ ላይ የሚንሸራተተው ፕላስቲክ ከተበላ አዲሱ በቀላሉ አይገኝም፤ እሱ ግን ከወፍራም የሥጋ መክተፊያ ፕላስቲክ ቀርጾ ያወጣዋል። ከጥር ወዲህ ዓይኑ ከዳው። «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይላል እንጂ አያምንም። የሚቀርጻቸው ሁሉ መጣመም ጀመሩ። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ እሱ ጸሎት ሲሄድ፣ ሶፊ የእሱን እያነሳች በራሷ ሥራ ትተካ ነበር። ደንበኛ ተመልሶ ሲያመሰግነው አባቷ ሲስቅ ማየት ደስ ይላታል። እውነቱን ለመናገር ኮራ ኮራም ይላት ነበር።

ለአቶ ከድር ዲኤክስ መኪና የሚሆነውን ግን፣ ለማጥናት ስለቸኮለች መክተፊያውን ትታ ከጀሪካን ቆረጠችው። ጀሪካን ቶሎ ይቀረጻል፣ ቶሎም ይሰበራል። ይህን አባቷ ስንት ጊዜ ነግሯታል!

ዝም ብትል ባላጠፋው ጥፋት ጉባኤ ፊት ሊቆም ነው። ብትናገር ደግሞ ከጥር ጀምሮ አንዲትም ሥራው መኪና ላይ እንዳልወጣች ያውቃል። የትኛው እንደሚብስበት አላወቀችም።

ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቀለለች። ወደ ደገፉ ግን አልሄደችም። አልጋዋ ሥር ጎንበስ ብላ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጣች። ውስጡ ያሉትን ለመጣል አልጨከነችም ነበር። አመጣችና አባቷ መዳፍ ላይ ዘረገፈቻቸው።

አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።

«የእኔ ሥራ እኮ ናቸው» አለ። «ይቺ የቶማ ፒክአፕ ናት። ይቺ ደግሞ የዲምቱው ሚኒባስ...» አውራ ጣቱ ቆመ። «ሶፊ፣ እነዚህ መኪና ላይ አይደሉም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሶፊ በሩን ዘጋችና ከጎኑ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ «ከጥር ልጀምርልህ።»