የጨው ቅሉ መስቀያ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ባጃጅ ተራ ላይ ልጆቹ ተሰብስበው ስለ ጋኔን፣ ደጀን ቁልቁለቱ ላይ መኪና አስቁማ ተሳፍራ ስለምትጠፋ ሴት ሲያወሩ ከሁሉም በላይ የምስቅ እኔ ነበርኩ፣ «ሂሳብ ከፍላ ከጠፋች ምን አገባህ» እያልኩ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመ፣ ቆመ ስልህ ዳገት ላይ ሞተሩ እንደጠፋ ባጃጅ ቀጥ ነው ያለ፣ ግን ሞኝ አይደለሁም፣ በማርቆስ ከተማ ከእኔ ቀድሞ ተሳፋሪ የሚያነሳ ሹፌር ካለ አምጣና አሳየኝ። አሁን የምነግርህን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ የከተማው መሳቂያ ነበር የማደርገው፣ እመነኝ። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲያወራ ሁሌ ሌሊት ነው፣ ጨለማ ነው ምናምን ይላል፤ የእኔ በቀን ነው፣ ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ቡና ቤቱ ሁሉ ሙዚቃ ከፍቶ።

እማዬን ሰፈሩ እትዬ ጥሩወርቅ ነው የሚላት። ከቤታችን ጀርባ የጭቃ ማድቤት ነበራት፣ ሙሽራ ሆና ስትመጣ አባቴ ነፍሱን ይማርና በእጁ የሠራላት፣ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሮ ጠቁሮ እንደ ቆዳ የሚያብረቀርቅ። አባቴ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ የበሬ ቀንድ ሰክቶበት ነበር፣ እሱ ላይ እማዬ የጨው ቅሏን በጠፍር ታንጠለጥላለች። ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ ወጥ ስትሠራ ዞር እንኳን ሳትል ቀኝ እጇን ወደ ላይ ትልካለች፣ ቅሉ ይመጣል፣ ጨው ታደርጋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባና ቅሉ ግድግዳውን ቋ፣ ቋ ያደርገዋል። እኔ በዚያ ድምፅ ነው ያደግሁ፣ ምሳ ደረሰ ማለት ነው።

ኋላ ዓይኗ እየደከመ መጣ። እህቴ እመቤት ባሕር ዳር ነው የምትኖር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ መጥታ ለሕክምና ወሰደቻት። እኔ እንግዲህ እርግጠኛ ነበርኩ፣ ሐኪሙ ነካ ነካ ያደርጋትና ከእኔ የተሻለ አይታ ትመጣለች ብዬ። እሷ እስክትመለስ ማድቤቱን አሳድሼ ላስደንቃት አልኩ፣ ዕቁብም ደርሶኝ ነበር። ተራ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ሰብስቤ «የእማዬን ማድቤት ስታዩ የእናታችሁን ማድቤት ትጠላላችሁ» አልኳቸው፣ እንደዚህ ነው ያልኩ፣ ቃል በቃል።

የቤት እድሳት የሚሠራ ድርጅት እዚሁ ከተማ አገኘሁ። ፎርማኑ ጌትነት ይባላል፣ የደምበጫ ሰው ነው፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚዞር፣ ሥራው ላይ ቀልድ የማያውቅ። መጀመሪያ የጠየቀኝ እማዬን ነው።

«የሚሠሩበት እናት የት አሉ? የጠረጴዛውን ከፍታ በክርናቸው ልክ ነው የምናወጣው፣ መጥተው ይቁሙልን» አለ።

«በእኔ ለካው» አልኩት፣ «ከሷ ሆድ አይደል እንዴ የወጣሁ፣ ልካችን አንድ ነው»።

ሠራተኞቹ ሳቁ፣ እኔም ክርኔን አጥፌ ቆምኩላቸው። እማዬ ቁመቷ ደረቴ ጋ ነው፣ ያውም ወጥ የምትሠራው ቁጭ ብላ ነው፤ ይኼ ሁሉ ያኔ ትዝ አላለኝም። ግድግዳውን ሲያፈርሱ ቀንዱ አልወጣ አለ፣ በመዶሻ ሲሉት ሲሉት ከነጭቃው ተገንጥሎ ወጣ። ጌትነት አቧራውን እፍ እፍ ብሎ ላስቀምጥላችሁ ወይ ሲለኝ ጋሪው ላይ ጣለው አልኩት፣ እማዬ ከእንግዲህ ካቢኔት እንጂ ቀንድ ምን ያደርግላታል አልኩ። ጋሪው ከፍርስራሹ ጋር ይዞት ሄደ።

ሥራቸውን አላማም፣ ቆንጆ አድርገው ነው የሠሩት። ግድግዳው በብሎኬት፣ ላዩ ሰማያዊ አበባ ያለበት ሴራሚክ፣ ነጭ ካቢኔት፣ የእቃ ማጠቢያ ከነቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ። በስልኬ ቀርጬ ለዓለም ለቀቅሁት። ታዲያ እየቀረጽኩ ሳለ ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ ከጀርባዬ ቋ፣ ቋ። ዞር ስል ሴራሚክ ነው፣ ባዶ። ቅሉ በጆንያ ተጠቅልሎ ዋናው ቤት አልጋ ሥር ነው ያለ። ድመት ናት አልኩ፣ ድመት እንደሌለን እያወቅሁ። በማግስቱ ደግሞ እሳት ያልነደደበት ማድቤት ጭስ ጭስ ሸተተኝ፣ ሴራሚኩን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ጣቴ ጠቆረ።

ልስኑ ነው እንዴ ብዬ ጌትነትን ጠራሁት። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ እያደረገ ግድግዳውን ዞረ፣ የቀንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፣ እንደ ብሎኬት አይደለም፣ ዱብ ዱብ፣ እንደ ጭቃ። ደጋግሞ መታው። «ሙሉውን በብሎኬት ነው የሠራን፣ አንተም ነበርክ» አለኝ፣ እንደተጣላሁት ሁሉ። ጠላ ቀድቼ ሳልሰጠው ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። እኔ ፈርቶኛል ብዬ ነው የተኩራራሁ፣ ሙት።

እማዬ መጣች። ሕክምናው የቀረውን ብርሃን ያቆይላታል እንጂ የጠፋውን አይመልስም ተብሎ ነው የተመለሰች፣ የሰው ጥላ ታያለች፣ ሌላ የለም። እመቤት በስልክ ነግራኝ ነበር እኮ፣ እኔ ግን ሐኪም ሁሌ ያጋንናል ብዬ አልሰማሁም። እጇን ይዤ አስገባኋትና «አለቀ፣ እይው» አልኳት። እይው አልኳት፣ ይታይህ። መዳፏን ሴራሚኩ ላይ አሳረፈች። «ይበርዳል» አለች፣ ቀጥላ ደግሞ «ቆንጆ ነው ልጄ፣ ይለሰልሳል» አለች፣ እንዳይከፋኝ። እኔ ለዓይን የሚሆን ማድቤት አሠርቻለሁ፣ እሷ በእጇ ነው የመጣች።

ከዚያ ወዲያ አበሳ ሆነ። የካቢኔቱ ጠርዝ ግንባሯን መታት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር አትደርስበትም፣ ስቶቩ ጣቷን አቃጠላት። ለለቅሶ ቤት ስንት ድስት ታወጣ የነበረች ሴት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ እኔ የማመጣላትን የሆቴል ምግብ መብላት ጀመረች። እመቤት ይኼን ሰምታ በስልክ ቁርጡን ነገረችን፣ ለፍልሰታ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ራሷን ካልቻለች ባሕር ዳር ይዣት እሄዳለሁ አለች። እሷ ያለችው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ፎቅ ላይ። እማዬ ደግሞ አባታችሁ የተቀበረው እዚህ ነው፣ እሱን ትቼ የትም አልሄድም ብላ ለቅሶ።

ታዲያ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ለምሳ ስገባ ግቢው ሽሮ ሽሮ ይሸታል። እማዬ ዱካዋን አስገብታ፣ የከሰል ምድጃዋን ወለሉ ላይ አድርጋ ሠርታ ጠበቀችኝ፣ ጨው አላነሰው፣ አልበዛው፣ እንደ ድሮው። እንዴት አድርገሽ አልኳት። «እጄ ለመደ» አለች። በማግስቱም ሠራች፣ በማግስቱም። ቅሏን ከጆንያው አውጥታለች፣ ትሰቅለዋለች እንጂ የት እንደምትሰቅለው አልጠየቅሁም። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯን አንስታ ነው የምትሻገር፣ ድሮ እዚያ ጋ ደፍ ነበር፣ አሁን ልሙጥ ነው፤ ይኼንንም ልማድ ነው አልኩ። ለእመቤት ደውዬ ጎረርኩባት፣ መምጣቱን ተይው፣ እማዬ ከአንቺ የተሻለ ትሠራለች አልኳት። እመቤትም እየሳቀች እሺ፣ እንግዲያው ትቆይ አለች። እማዬ ስትሰማ እልል ነው ያለች።

ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ሆነና ተሳፋሪ ጠፋ፣ እኔም ባጃጄን አቁሜ በጓሮ በኩል ገባሁ። የማድቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዱካዋ ላይ ናት፣ ታንጎራጉራለች። ዞር ሳትል ቀኝ እጇን ወደ ላይ ላከች፣ ቅሉን ከግድግዳው አወረደች፣ ጨው አደረገች፣ መልሳ ሰቀለችው። ሴራሚኩ ላይ ሰቀለችው፣ ይገባሃል? ምስማር የለ፣ ቀንድ የለ፣ ጠፍሩ ብቻ አየር ላይ ወጠር ብሎ ይዞታል፣ በጠፍሩ መሀል ሰማያዊዋ አበባ ትታየኛለች። ከኋላዬ ነፋስ ገባ፣ ቅሉ ተወዛወዘ፣ ቋ፣ ቋ። ድምፁ የሴራሚክ አልነበረም። የጭቃ ነበር።

እማዬ ትሙት ልልህ ነበር፣ ስለሷ እያወራሁ እንዴት ብዬ፣ ብቻ እመነኝ። ያኔ ዞሬ ብሄድ ምን ነበረበት? ባጃጄ ውስጥ ገብቼ ብንቀጠቀጥ፣ ለጠበል ብሮጥ፣ ምንም ባደርግ። ግን እኔ አፍ ነው ያለኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እማዬ ቀልማዳው ነው የምትለኝ።

«እማዬ፣ እዚያ ላይ እኮ ምንም የለም» አልኳት።

ቅሉ አልወደቀም። ማንጎራጎሯን አቆመችና ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «የት ላይ?» አለች። እዚህ ላይም ዝም ማለት እችል ነበር እኮ።

«ቅሉን የሰቀልሽበት። ሴራሚክ ነው፣ መስቀያ የለውም።»

ያኔ ወደቀ። ወለሉ ላይ ተሰባበረ፣ ጨው እግሬ ድረስ ተበተነ። እማዬ እጇን ወደ ላይ ላከች፣ ሴራሚኩን ዳበሰች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እጇ እየተንሸራተተ ወረደ። ተነስታ ቆማ በሁለት እጇ ፈለገች። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ነበር አለች፣ ለራሷ ነው። ኋላ ዱካዋ ላይ ተመለሰችና ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ እንዲሁ እንደ ጥያቄ፦

«ባትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

እኔ መጥረጊያ አንስቼ ስብርባሪውን መጥረግ ያዝኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማድቤት አልገባችም። በሩ ላይ ስትደርስ እግሯን ማንሳት ትታለች፣ ትደነቃቀፋለች፣ በልሙጥ ወለል። ከሥጋ ቤት ቀንድ አምጥቼ ጌትነትን ለመንኩት፣ መጥቶ በስቶ አሠረልኝ። የእማዬ እጅ ግን አጠገቡ እየደረሰ ያልፈዋል። እንዳይከፋኝ ብላ ጥሩ ተሠርቷል አለች፣ ግን ያ አይደለም አለች። ጋሪው ፍርስራሹን የደፋበት ገደል ድረስ ወርጄ ፈልጌያለሁ፣ ክረምቱ ጠርጎት ሄዷል። ለፍልሰታ እመቤት መጣች። እማዬ መኪናው ውስጥ ገብታ እስኪነሳ ድረስ እጄን አልለቀቀችውም፣ ቀልማዳው እንኳን አላለችኝ።

አሁን ባሕር ዳር ናት። ከምሳ በኋላ ትደውላለች፣ ምን በላህ ትለኛለች፣ እኔም እዋሻታለሁ። ባለፈው ማድቤት ውስጥ ቆሜ ዳቦ እየገመጥኩ ነበር ያነሳሁት፣ ውጭ ዝናብ ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ስለ ተራው ልጆች እያወራሁ ሳስቃት ድንገት ሳቋን አቋረጠች።

«ቅሉን ማን ሰቀለው?» አለችኝ።

እኔም ሰምቼዋለሁ። ከጀርባዬ፣ ቋ፣ ቋ። ቅሉን ስብርባሪውን ራሴ ነኝ ጠርጌ የጣልኩት፣ አዲሱ ቀንድ ላይ ያለው የእኔ ጃኬት ነው፣ ጃኬት ደግሞ እንደዚያ አይልም። አፌ ሊከፈት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳቦ ነበረበት። ዋጥኩና «እኔ ነኝ» አልኳት።

«ጎሽ። ተወው እንግዲህ፣ አትንካው» አለች፣ ድምፅዋ ውስጥ ያ ማንጎራጎሯ ነበር።

አልዞርኩም። ከዚያም ወዲህ ዞሬ አላውቅም፣ ምሳዬን እዚያው ነው የምበላ፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ። ተራ ላይ ያሉት ልጆች ምን ነካህ፣ ወሬ አጠረህ ይሉኛል። ፈሪ ብትለኝም በለኝ፣ ግን ዞሬ ካየሁ ያየሁትን ለእማዬ ሳልነግራት የምችል አይመስለኝም።