የእግረኛው ሥዕል

የኔአለም አፏ የማይደፍረውን እርሳሷ የሚናገርላት ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ላይ መኪና በእግረኛ መንገድ እንዳይቆም የሚያስተምሩ ሥዕሎች እንድታዘጋጅ በመሥሪያ ቤቷ ሲነገራት፣ መንገዱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ፈለገች። አለበልን ያገኘችው ያኔ ነው። የታሪክ መምህር ነው፤ ዓይነ ስውር።

ሦስት ሳምንት አብረው ዞሩ። እሱ የቆመውን መኪና ሁሉ በበትሩ ኳ ያደርጋል፤ እሷ ትስላለች።

«ይሄ ደግሞ አይሱዙ ነው። ቤት አጥቶ ነው እዚህ የተኛው?»

ትስቃለች። መኪና ዘግቷቸው ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ክንዷን ይይዛል። መኪናውን ካለፉ በኋላ መልቀቁን ይረሳል፤ እሷም አታስታውሰውም።

«የኔአለም፣ ስትስይኝ እየሄድኩ ይሁን» አላት አንድ ቀን። «ወድቄ እንዳትስይኝ። ሰው እኔን ሲያይ እጁ ወደ ኪሱ ነው የሚሄደው።»

«እሺ።»

«ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ብልክስ፣ እናትሽ ውሻ ይለቁባቸዋል?»

«ውሻ የለንም» አለች፤ ፊቷ መቅላቱን የሚያይባት ባለመኖሩ ደስ እያላት።

አለቃዋ ግን ሥዕሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄማ ሽርሽር የወጣ ሰው ነው። ጣይው እንጂ! ሕዝቡ ካላዘነ መኪናውን አያነሳም።»

እምቢ ለማለት አፏ አልደፈረም። ጣለችው፤ በግንባሩ አስፋልት ላይ፣ በትሩ ጎማ ሥር፣ እጁን ወደ አላፊ አግዳሚው ዘርግቶ።

ሥዕሉ በየግድግዳው በተለጠፈ ማግስት አለበል ደወለ።

«እንዴት አደረግሽኝ?»

«ቀና ብለህ ትሄዳለህ።»

«እውነት?»

«እውነት።»

በመጋቢት ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን አብረው ሲወጡ፣ አንዲት አሮጊት የአለበልን እጅ ያዙና ቁራሽ ዳቦ አኖሩበት።

«ለሚካኤል ነው፣ ተቀበለኝ ልጄ። ወድቀህ የተሳልክበትን ሥዕል አይቼ አንጀቴን በላኸው።»

አለበል ዳቦውን እንደያዘ ቆየ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለ። አሮጊቷ ሲርቁ ወደ የኔአለም ዞረ።

«ወድቄያለሁ?»

ክንዱን ይዛ ልትወስደው ሞከረች።

«የኔአለም፣ ወድቄያለሁ ወይ?»

«አለቃዬ ነው…»

«ሥዕሉንስ ያስለወጠው አለቃሽ ይሁን። ስልኩን ያነሳው ማን ነበር?» ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ሰው ሁሉ ሲዋሸኝ እጠነቀቃለሁ። አንቺን ግን ዓይኔ አድርጌሽ ነበር።»

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹ አልመጡም።

ዘመቻው ሠመረ ተባለ። መኪኖቹ ከእግረኛው መንገድ ወረዱ፤ አለቃዋም ተመሰገነ። አንድ ማለዳ አለበል ማንም ሳይዘው፣ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ፊት ለፊቷ መጣ። ቆመች። እሱም ኮቴዋ መቆሙን ሰምቶ ቆመ።

«ማን ነው?»

ለዚህች ቀን ስንት ነገር አጠራቅማ ነበር። አንዱም አልወጣ አለ።

ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ በትሩን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና፣ ለማያውቁት ሰው በሚነገር ትሕትና፣

«ይለፉ» አላት። «መንገዱ ሰፊ ነው።»

አለፈች።