ዱላ ያጋደመው እረኛ

ሰላሀዲን ሞቷል ያለው አብዱልከሪም ነው። አብዱልከሪም ዐረብ አገር፣ ድንበር ላይ በግ የሚጠብቅ የወረባቦ ሰው ነው። እሱ እንደሚለው፣ ሰላሀዲን ከደላላው ማጎሪያ አምልጦ ሲሮጥ ከኋላው ተኩሰው ጣሉት። ጠባቂዎቹ ጫማውን ለአለቃቸው ወስደው «ቀብረነዋል» አሉ። አብዱልከሪም ጫማውን በዓይኑ አይቷል። ደም ነበረበት።

ሰላሀዲን አለ ያለችው ሰዓዴ ናት። ሰዓዴ አል-ሐርስ ከተማ ውስጥ ለግንበኞች ምግብ ታበስላለች። እሷ እንደምትለው፣ ልጁ ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ለአንድ ሽማግሌ ፍየል ይጠብቃል። እንደ ተራራው ሰዎች አበባ ጎንጉኖ ራሱ ላይ ይደፋል፤ እንደነሱ ሽርጥ ያገለድማል። «ከእጄ ሩዝ በልቷል» አለች። «የሞተ ሰው ሩዝ ከበላ እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ።»

ሁለቱም ወላሂ ብለው ምለዋል። ሁለቱም ሲናገሩ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

እነዚህን ሁለት ወሬዎች ይዞ ለወራት የተንከራተተው ሰው አሁን አል-ዒዳቢ ከተማ፣ አንድ አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክኮ የፎቶግራፍ መጠቅለያ ይቀድዳል። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ስሙ ኸይረዲን ነው፤ ሥራው አዳራሽ ማስጌጥ። አዲስ አበባ ያለው የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ግን በሌላ ስም ይጠራዋል።

ግራር።

የሚያድነው ሰው ደግሞ ዋርካ ተብሏል። ዋርካ መንገደኞችን ከድንበሩ ማዶ አግቶ ጩኸታቸውን በስልክ ለእናቶቻቸው የሚያሰማ ደላላ ነው። እውነተኛ ስሙ አይታወቅም። ፎቶ የለውም። ሰው ፊት ሲቀርብ ፊቱን ይሸፍናል። ሳይሸፍን ያየውና ለመናገር የሚችለው፣ ምግብ እንዲያቀርብለት የተመደበ አንድ እስረኛ ብቻ ነው።

ሰላሀዲን።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የፎቶግራፍ ፌስቲቫሏም እንደዚያው። የሹቀይቅ ዓሣ አጥማጆች፣ የማሽላ ማሳ፣ ጉም የዋጠው መንገድ። ኸይረዲን እያንዳንዱን እየፈታ ሰማያዊ ሸራ ላይ ያስተኛል። የመጨረሻውን ሲፈታ እጁ ቆመ።

ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው። ራሱ ላይ የቢጫ አበባና የበሶብላ ጉንጉን። የጉንጉኑ ጥላ ፊቱን ሸፍኖታል። ከሥሩ በዐረብኛ «የተራራው ልጅ» ይላል።

ዱላው ማጅራቱ ላይ ተጋድሟል። ሁለት እጆቹ ዱላው ላይ ተሰቅለዋል።

የዚህ ተራራ ሰዎች ዱላ ይመረኮዛሉ። ወይም ያነግታሉ። እንዲህ አይንጠለጠሉበትም። እንዲህ የሚቆመው ከልጅነቱ ጀምሮ ከብት ሲጠብቅ ያደገ የወሎ ልጅ ነው። ሰላሀዲን ልብሱን ለውጧል፤ አነጋገሩንም ሳይለውጥ አይቀርም። ሲደክመው የሚቆምበትን ሁኔታ መለወጥ ግን ትዝ አላለውም።

ኸይረዲን ግራ ቀኙን አየ። ስልኩን አውጥቶ ሸራው ላይ እንደተኛ አነሳው። ለአንድ ሰው ብቻ ላከው። ከስልኩ ላይ አጠፋው።

ጌታቸው ከጂዛን የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የመድኃኒት ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ የሚሠራ፣ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው። እንዲህ ነው የሚታወቀው። በመሥሪያ ቤቱ የኸይረዲን አለቃ ነው። ውኃ ማቀዝቀዣው አጠገብ እንደ ማንኛውም ሁለት አበሻ ቆሙ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አቋቋሙን እየው።»

«ፊቱ አይታይም እኮ።»

«ፊት ምን ያደርግልሃል? ሰዓዴ ያለችው ተራራ ነው፣ ሰዓዴ ያለችው አበባ ነው፣ አቋቋሙ ደግሞ የእኛ ነው። እኔ ካወቅኩት ሌላም ያውቀዋል። ላውርደው?»

ጌታቸው ውኃውን ቀስ ብሎ ጠጣ።

«አትንካው። ከወረደ ሰው ይጠይቃል። ሐሙስ መዝጊያው ነው፤ ልጁን ከዚያ በፊት አግኘው። ፎቶህ ተሸልሟል ብለህ አምጣው። ከዚህ እኛ እንወስደዋለን። በሰላም አገሩ ይገባል።»

«ቃልህ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

ፎቶውን ያነሳችው ኸውላ የምትባል ዐረብ፣ የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። በጥቁር ዐባያዋ ላይ ካሜራ አንግታ ከፎቶ ፎቶ ትመላለሳለች። ኸይረዲን የተሰቀለውን ፍሬም ሲያቃና ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ጠየቃት። ደስ ብሏት ነገረችው፤ መንገዱን፣ ጉድጓዱን፣ የሽማግሌውን ስም። መስቀያው መዝመሙን እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም።

በማግስቱ ሣር በጫነ መኪና ወደ አል-ሐርስ ወጣ። ከመንገዱ በኋላ በእግሩ ሄደ። ፍየሎቹ ቀድመው አዩት። ቀጥሎ ሰውየው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ኸይረዲን በአማርኛ ቅላጼ።

ዱላው ከማጅራት ወርዶ በእጅ ተጨበጠ።

«ከፊሌ፣ የፍየሎቹ ባለቤት፣ እታች ነው» አለ ልጁ በዐረብኛ። «እሱን ጠይቅ።»

«ሰላሀዲን፣ ሰዓዴ ናት የነገረችኝ። ሩዟን ታመሰግናለህ ብላለች።»

ልጁ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አብሽር፣ ተቀመጥ» አለ በወሎ አማርኛ። «አላመሰግንም። ጨው አልነበረውም።»

ኸይረዲን ስለ ሽልማቱ መናገር ጀመረ። ሰላሀዲን እስኪጨርስ አላቋረጠውም። ከዚያ ስልኩን ከሽርጡ አውጥቶ ዘረጋለት።

«ይሄን ነው የምትለኝ? ኢሞ ላይ የሐበሻ ግሩፕ ሁሉ ሲቀባበለው ነው የዋለ። ‹ይህን ልጅ የምታውቁ፣ ሐሙስ አል-ዒዳቢ ይገኛል› ይላል። ሰዉ መቼም ሥራ የለውም።»

ኸይረዲን ፎቶውን አየ።

ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ሰማያዊ ሸራ ላይ ተኝቷል። በጠርዙ በኩል የአንድ ሰው የእግር ጣቶች ይታያሉ፤ ከላስቲክ ጫማ የወጡ።

የራሱ ጣቶች ናቸው።

ይህን ፎቶ የላከው ለጌታቸው ብቻ ነው።

«ምነው? ፊትህ ጠቆረ» አለ ሰላሀዲን።

መመሪያው ዝም በል ይላል። ልጁን አሳምነህ አምጣ ይላል። ኸይረዲን በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ዋሽቷል፤ አብዛኛውም ለበጎ ነበር ብሎ ያምናል። አሁን ግን ሁሉንም ነገረው። ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ ፎቶውን ማን እንደለቀቀው።

ሰላሀዲን ስልኩን ተቀብሎ ሽርጡ ውስጥ ሸጎጠ።

«እንግዲያው ፍየል ነኝ በለኛ» አለ። «ነብር እንዲመጣ እንጨት ላይ የምትታሰር።»

«ዛሬውኑ ጥፋ። አላገኘሁህም እላለሁ።»

«የት ልጥፋ? ፎቶው ገደሉን እንዳለ ያሳያል። ከፊሌን ይዘው ቢያሰቃዩትስ? ሽማግሌ ነው፤ ደግ ሰው ነው። ደግሞ እዚያ ማጎሪያ ቤት ውስጥ ሰው አለ። እኔ ስወጣ የቀረ ሰው።»

«እንግዲያው ትመጣለህ፤ ግን አንተ አትቆምም» አለ ኸይረዲን። «እኔ ነኝ የምቆመው።»

ሰላሀዲን ከላይ እስከ ታች ለካው።

«አንተ? ዱላ ይዘህ ታውቃለህ? ኮሌጅ የበጠስክ ትመስላለህ እኮ» አለና የራሱን ዱላ ወረወረለት።

ሐሙስ ጌታቸውን አዳራሹ ጓሮ አገኘው።

«የኔን ፎቶ አንተ ነህ የለቀቅከው።»

ጌታቸው አልካደም። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«ዋርካ ከእንግዲህ በሰው ዓይን አያምንም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠባቂዎቹ የልጁን ጫማ አሳይተው ዋሽተውታል። ሁለተኛ ሰው አይልክም። አይቶ ለማረጋገጥ ራሱ ይመጣል። ሌላ ለምንም ነገር ከጉድጓዱ አይወጣም። አንተ የእናቶቹን ስልክ አላዳመጥክም። እኔ አዳምጫለሁ።»

«ልጁስ?»

«ሹርጣዎቹ፣ የአገሩ ፖሊሶች፣ ሲቪል ለብሰው በር ላይ ናቸው። ልጁ ‹ይሄ ነው› ያላቸውን ሰው ይይዛሉ። ከደረሱለት ይተርፋል።»

«ካልደረሱለትስ?»

ጌታቸው መሬት መሬት አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። ኸይረዲንን ያስፈራውም ይኸው ነው።

«ልጁ አለ» አለው ኸይረዲን። «የት እንዳለ ግን አልነግርህም። ሰዎችህ ፉጨት ሲሰሙ ይምጡ።»

አዳራሹ ጣሪያ ላይ ኸውላ ረጅሙን ካሜራ ደግፋ ትጠብቃለች። ሰላሀዲን ዕቃ ተሸካሚዋ መስሎ አጠገቧ ተንበርክኳል። ጠዋት ኸይረዲን ግማሹን ሲነግራት ብዙ አልጠየቀችም። አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው።

«ይህን ያመጣበት የኔ ፎቶ ነው?»

«ፎቶሽ መልካም ነው» አላት። «ያየው ሰው ነው ክፉ።» ቃሉ ለራሱም አልበቃውም።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ከአዳራሹ በስተኋላ ሸለቆውን የሚያይ እርከን አለ። ኸይረዲን ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ይቆማል። ፊቱን ማየት የፈለገ ሰው ዞሮ ከፊቱ መምጣት አለበት፤ ያኔ የሰውየው ፊት በካሜራው ትይዩ ይሆናል። እሱ ከሆነ ሰላሀዲን ፍየል በሚጠራበት ፉጨት ያፏጫል።

ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ኸይረዲን ጉንጉኑን ደፋ። ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋደመ። እጆቹን ሰቀለ። በዚህ አቋም ሰው ምን ያህል ራቁቱን እንደሆነ ያወቀው አሁን ነው። ደረቱ ክፍት፣ ጎኑ ክፍት፣ እጆቹ ሩቅ።

ከኋላው ኮቴ።

ቀስ ያለ። የማይቸኩል።

«ሻዬን ሳታመጣልኝ ሄድክ» አለ ለስላሳ ድምፅ በአማርኛ።

አልዞረም።

«አዝኜ ነበር። ጫማህን ሲያመጡልኝ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ጥሩ ልጅ ነበርክ፣ ስኳሩን አታበዛም።»

ኮቴው በስተቀኝ ዞረ። ነጭ ረጅም ቶብ። መነጽር። ወገብ ላይ ጀምቢያ የሚባለው ጩቤ፣ እንደ አገሩ ሰው። ኸይረዲን አወቀው። ረፋድ ላይ ከፎቶው ፊት ቆሞ ኸውላን ስለ ብርሃን አጠቃቀሟ ሲያመሰግን የነበረ ትሁት ጎብኚ ነው። ሰው አንዴ አይቶ የሚረሳው ዓይነት ፊት።

አሁን ከፊቱ ነው። ፊቱ ወደ ጣሪያው ነው።

ፉጨት የለም።

ሰውየው አንገቱን ዘመም አድርጎ ከጉንጉኑ ሥር አየ።

ፉጨት የለም።

«አንተ...» አለ ሰውየው። ፈገግታው ጠፋ። «አንተ ማነህ?»

ጀምቢያው ከሰገባው ሲወጣ ድምፅ አልነበረውም። ኸይረዲን እጆቹን ከዱላው ሲያወርድ ዘገየ። ስለቱ ከጎድኑ በታች ገባ። ብርድ ብርድ አለው፤ ሕመሙ በኋላ ነው የመጣው። በዱላው ጫፍ መታው። መነጽሩ ወደቀ።

ያኔ ፉጨቱ መጣ።

ረጅም። የሚንቀጠቀጥ። ሸለቆው መለሰው።

ሹርጣዎቹ ከሦስት አቅጣጫ ደረሱ። ሰውየው አልታገለም። መሬት ላይ ተደፍቶም «ስህተት ነው፣ እኔ ጎብኚ ነኝ» ይል ነበር፤ በጨዋ ዐረብኛ፣ ሳይጮኽ።

ሰላሀዲን ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አፌ ደረቀ» አለ። «ወላሂ፣ በመጀመሪያው ቃል ነው ያወቅኩት። ሳየው ግን አፌ እንቢ አለ።»

«ኸላስ፣ ተወው።»

አዳራሹ ውስጥ ከአንድ መጋረጃ ጀርባ፣ ኸውላ ሻርፕ ቀድዳ የኸይረዲንን ቁስል አሠረችለት። ጌታቸው ገባ። ደሙን አየ።

«ኸውላ ያነሳችው የሰውየው ፎቶ ጥርት ብሏል» አለ። «ግን ፎቶ አይናገርም። ሰውየው ኢቃማ አለው፣ ጠበቃ ይጠራል፣ ክስ የለብኝም ይላል። ‹ይሄ ነው› የሚል ሰው ካልቀረበ ነገ ይለቁታል።»

ሁሉም ወደ ሰላሀዲን አዩ።

ሰላሀዲን ወረቀት የለውም። ለመመስከር ከገባ መጀመሪያ የሚጠብቀው ተርሂል ነው፤ አገር የሚመለሱት የሚታሰሩበት ቦታ። የዋርካ ሰዎች እዚያም አይጠፉም።

«ሣር የጫነው መኪና ሊወጣ ነው» አለው ኸይረዲን። «ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ማንም አይከለክልህም።»

«ግራርም ቢሆን መሄድ አለበት» አለ ጌታቸው። «‹የተወጋው ማነው› እያሉ ነው። ስሙ መዝገብ ላይ ከወጣ ያናገራቸው ሰዎች ሁሉ ይጋለጣሉ። ሰዓዴም፣ በግ ጠባቂውም። ጂዛን ሐኪም አለኝ።»

መጋረጃው ተገለጠ። አንድ መኮንን ገባ፤ ከኋላው አስተርጓሚ። መኮንኑ ደም የነካውን ወለል አየ፤ የማስጌጫ ሠራተኛ ልብስ ለብሶ ግድግዳ የተደገፈውን ሰው አየ።

ኸይረዲን ዓይኑን ሰበረ። ጥግ የቆመውን መሰላል አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ጎኑ ተቀደደ፤ አልቃተተም። ወደ ኋላው በር እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ መራመድ ጀመረ።

«አንተ» አለ መኮንኑ በዐረብኛ።

እግሩ ተገታ።

ሰላሀዲን በሁለቱ መካከል ገብቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። አስተርጓሚው እንዲይዘው ቀስ እያለ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ሰላሀዲን እባላለሁ። ኢቃማ የለኝም። ታግቼ በነበርኩበት ቤት ውስጥ ያየሁትን ፊት ሁሉ ዛሬ እናገራለሁ፤ ከያዛችሁት ሰውዬ ጀምሬ። ይህን መሰላል የያዘውን ግን አላውቀውም።»