አሸዋ ጫኞቹ

ኤንዮናም አካፋውን ከወንድሟ እጅ መንጭቃ ወሰደችው።

«አበድሽ እንዴ?» ኤሎርም ጮኸባት። ከኋላው ገልባጭ መኪናው እስከ ግማሹ አሸዋ ጭኖ ቆሟል።

«የታሲን ጓዳ ባሕር በላው! አንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ ዳርቻውን ትዝቃለህ!»

ትናንት ነው ማዕበሉ የገባው። አክስታቸው ታሲ ዶፊ ዓሣ በጭስ የምታደርቅበት ጓዳ ከነምድጃው ተንዶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ የባሕር ቁጣ ነው ሲሉ ኤሎርምም ዳርቻውን ያሳሳው የራሱ አካፋ መሆኑን እያወቀ ከሰው ጋር አብሮ ራሱን ነቀነቀ። ኤንዮናምን ያንገበገባት ይሄ ነው። መነቅነቁ።

«እኔ ብተወው ሌላው ይዝቀዋል» አላት። «ደግሞ የለበስሽው ዩኒፎርም ከየት የመጣ መሰለሽ?»

ቀሚሷን ቁልቁል አየችው። ፊቷ ጋለ። አካፋውን ወርውራ አሸዋው የተዛቀበት ጉድጓድ ውስጥ ገባችና እርጥቡ አሸዋ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «ኤሎርም! እህትህ ባሕሩን በመቀመጫዋ ልትገድብልን ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ክላክሱን ነፋ። «አንሳት እንጂ፣ ሰው ሳይመጣ!»

«ኤንዩ፣ ተነሽ በናትሽ። ፈተና አለብሽ።»

«አውቃለሁ።»

እጇን ሲይዛት ነከሰችው። ከጉድጓዱ ሥር ውኃ እየመነጨ ቀሚሷን አራሰው። ከወደ መንደሩ የመረብ ጎታቾች ድምፅ እየቀረበ መጣ። ከመካከላቸው የታሲ ዶፊ ጎርናና ድምፅ ይለያል፤ ጓዳዋ ከሄደ ወዲህም ዓሣ ልትቀበል መምጣቷን አልተወችም።

ሾፌሩ ሳቁን አቆመ። «እኔ የለሁበትም!» ብሎ የጫነውን ይዞ ተፈተለከ። ኤሎርም ከኋላው ሮጦ ሊንጠለጠል ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ። የተነከሰ እጁን እያሻሸ ተመለሰ።

«ሂጂ ወደ ትምህርት ቤትሽ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለታሲ እኔው እነግራታለሁ።»

«ትላንትም አፍ ነበረህ።»

የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ሲደወል ሁለቱም ሰሙት። ኤንዮናም ከጉድጓዱ ወጣች፤ አሸዋውን ከቀሚሷ አላራገፈችም። ወደ ደወሉም አልሄደችም። ከወንድሟ ጎን ቆማ፣ ታሲ ዶፊ በምትመጣበት በኩል ዞረች።

«ንገራት» አለችው። «እሰማለሁ።»