ከሦስተኛው ድርብ ሥር

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው፤ የወንድሜ ጫማ ግን እስካሁን አልጋዬ ሥር አለ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

እኔና ታላቅ ወንድሜ መኪና እናሳምራለን። አጥበን፣ ፖሊሽ አድርገን፣ ከላይ ቀለሙን ከፀሐይና ከጭረት የሚጠብቅ ፈሳሽ እንቀባለን። አንዱ ሲደርቅ ሌላ እንደርብበታለን። አቧራ እንዳያርፍበት በሩን ከውስጥ ቆልፈን ነው የምንሠራው። ቁልፉ ሁሌ እኔ ኪስ ነው።

ሕጋችን አንድ ናት፦ ከመቀባትህ በፊት መኪናውን አንተው ራስህ በአልኮል ጥረግ። ያልጠረግከው ነገር ከሥር ታሽጎ ይቀራል።

ወንድሜን ሰፈሩ «ጥድፊያ» ነው የሚለው። እየሮጠ የሚበላ፣ እየሮጠ የሚስቅ ሰው ነው። አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከሱ ሌላ ማንም የለኝም።

የዚያን ቀን አንዲት ሴትዮ ጥቁር መኪና ይዘው መጡ።

«የባለቤቴ ነበረች» አሉ። «ሦስት ድርብ ቀቡልኝ። ኮፈኑን እኔው ጠርጌዋለሁ፣ አትድከሙ።»

እንደወጡ በሩን ቆለፍኩ።

«ጋሼ፣ ኮፈኑን ራሳችን እንጥረገው» አልኩት።

«ጠርጌዋለሁ እያሉህ! ምን አስጨነቀህ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ...»

«ተረትህን ያዝና ስፖንጁን አቀብለኝ!»

ሳቅኩ። አይ ሳቅ... አሁን ሳስበው አንጀቴን ያቃጥለኛል።

የመጀመሪያው ድርብ ደረቀ። ኮፈኑ ላይ የመዳፍ አሻራ አለ። ትልቅ፣ የወንድ መዳፍ።

ጠረግኩት። አልለቀቀም። ጨርቁን ባየው ንጹሕ ነው።

«ከሥር ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሁለተኛው ይሸፍነዋል።»

ሁለተኛውን ቀባን። ጠበቅን...

መዳፎቹ ሁለት ሆኑ።

በመሃላቸው ደግሞ ጉም አለ። መስታወት ላይ እፍ ስትሉ የሚቀረው ዓይነት። ይመጣል... ይጠፋል... ይመጣል።

የሆነ ሰው እየተነፈሰ ነው።

«ጋሼ... በናትህ እንተወው።»

«ዝም በል።»

ስፖንጁን ከእጄ ወሰደና ሦስተኛውን ራሱ ቀባ። ቀስ ብሎ። በጣም ቀስ ብሎ... ወንድሜ ሳይቸኩል ሲሠራ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲጨርስ መዳፉን አንሥቶ አሻራው ላይ አሳረፈ።

«እየው...» አለ። «ልክክ አለ።»

ላላቅቀው ፈራሁ። ጨርቅ ልነክር ወደ ባልዲው ዞርኩ። ሁለት እርምጃ ብትሆን ነው።

ዘወር ስል የለም።

በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ጫማው ብቻ መኪናዋ ፊት ተቀምጧል፣ አፍንጫው ወደ ኮፈኑ ዞሮ።

ኮፈኑን አየሁ። አሁን አራት መዳፍ ነው። ወንድሜም እዚያ ውስጥ ይታያል። ከኋላዬ ቆሞ ምስሉ ነው ብዬ ዞርኩ... ማንም የለም።

አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለም። አፉ ጋ ጉም አለ።

ጮህኩ። ደበደብኩት። ከዚያ የፖሊሽ ማሽኑ ትዝ አለኝ። የተቀባውን ልልጠውና ላውጣው ብዬ ከዳር፣ ከትንሿ ጣቱ ጀመርኩ። ትንሽ አስኬድኩና ጠረግኩ።

ድርቡ ተልጧል... ጣቱም የለችም።

ወንድሜ ጉም እስኪያለብሰው ድረስ ይጮሃል። አንዳች አይሰማም።

ማሽኑን ጣልኩት። ብልጠው አጠፋዋለሁ፣ ብተወው ታፍኖ ያልቃል። ምን ላድርግ? እስኪ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?

ጉሙ ሰሃን ያክል ነበር። ከዚያ የብርጭቆ አፍ... ከዚያ አዝራር ያክል ሆነ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናቸው። ኮፈኑን በእጃቸው ዳበሱት። ምንም አልደነገጡም።

«ባለቤቴ ብቻውን ነበር እኮ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

መኪናዋ እንዳትሄድ ኮፈኑ ላይ ተዘረርኩ። ሙጭጭ አልኩ።

ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ የቀበቶህ ብረት እኮ ይጭረዋል... የምትጭረው እሱን ነው።»

ወረድኩ። ምን ይደረጋል፣ ወረድኩ። ይዘዋት ሄዱ።

አሥራ አንድ ወር ሆነው። የመኪናዋን ቁጥር ይዤ ያልጠየቅኩበት ቦታ የለም። የሚያውቃት ሰው አላገኘሁም።

ያን ቀን ጫማውን ሳነሳው ውስጡ ይሞቅ ነበር። አሁን ያወለቀው ያክል ይሞቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እጄን ከትቼ እነካዋለሁ።

ዛሬም ይሞቃል... ከትናንቱ ግን ትንሽ ቀዝቅዟል።